በእህል መጋዘኑ ታላቅ ወንድም የሆንኩበት ክረምት

ዝናብ የመታው ሱፍ እሳት አጠገብ ሲሰጣ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ደብረ ብርሃን የከረመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የበግም፣ የጭስም፣ የሰውም ሽታ ነው፤ ጥሩ ነው እንዳይባል ይከረፋል፣ መጥፎ ነው እንዳይባል ደግሞ ሰው ጠጋ ብሎ ደጋግሞ ያሸተዋል። ባለፈው ሐምሌ የልጄ ልጅ ሜሮን ከክረምት የቲያትር ስልጠናዋ ስትመለስ ዝናብ አግኝቷት ኖሮ፣ ሹራቧን አውልቃ ከሰሉ አጠገብ ወንበር ላይ ብትዘረጋው ቤቱ በዚያ ሽታ ሞላ። እኔም ሳላስበው ዓይኔን ጨፈንኩ።

እሷ ግን እኔን የምታይበት ጊዜ አልነበራትም፤ ከንፈሯን ጥላለች።

«አባባ፣ ክፉዋን ሴትዮ አንቺ ሁኚ ተባልኩ» አለችኝ። «ከሃያ ልጅ መሀል እኔን! ክፉ ፊት አለኝ እንዴ?»

«ቁጣሽን አይተው ይሆናል» ብላት ጭራሽ ባሰባት። እንግዲህ ለማባበል ብዬ፣ እኔም በልጅነቴ፣ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም በሆነው ቲያትር ላይ፣ ክፉው ሰውዬ እንደነበርኩ ነገርኳት። ኩርፊያዋን ትታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ስሙን ለመፈረም እንኳ መነጽሩን ሁለቴ የሚጠርገው ሸማኔው አያቷ፣ መድረክ ላይ! «አንተ?» አለች። አዎ፣ እኔ። ለእሷ የነገርኳትን፣ ያልነገርኳትንም ጨምሬ፣ እስቲ እዚህ ላውራው።

ያኔ እኛ ሰፈር፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ገብስና ስንዴ እስከ ጣሪያው ይሞላል፤ እየተሸጠ እየተሸጠ ሰኔ ሲገባ ባዶውን ይቀርና ክረምቱን የሚኖሩበት አይጦች ብቻ ናቸው። ጋሽ ሙሉጌታ የምንለው አዲስ አበባ የሚማር የሰፈራችን ልጅ፣ ትምህርት ሲዘጋ ይመጣና የመጋዘኑን ባለቤት ለምኖ ቁልፉን ይቀበላል። ከዚያ ወንዱንም ሴቱንም ልጅ ሰብስቦ ጠዋት ጠዋት ያሠለጥናል፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቲያትር ይታያል። በመስከረም እሱ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፣ መጋዘኑም አዲሱን ገብስ መጠበቅ ይጀምራል። እንደ እንጉዳይ ነበር የእኛ ቲያትር፤ ዝናብ ያበቅለዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ የት እንደገባ አይታወቅም።

መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ የሚባል ነገር አልነበረንም። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በየቤቱ እየተዞረ ብርድ ልብስ ይለመናል። እትዬ ዘውድነሽ የሚባሉ፣ መርፌና ክር ከጉያቸው የማይለያቸው ባልቴት፣ አሥራ ስድስቱን ብርድ ልብስ ዳር ለዳር በሰፊ በሰፊው እየወጉ ያያይዙና በገመድ ይሰቀላል፤ ቲያትሩ ሲያልቅ ክሩን መዝዘው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ለየባለቤቱ ያስረክባሉ። ደብረ ብርሃን ላይ በነሐሴ ያለ ብርድ ልብስ ማደር ቀልድ አይደለምና ቲያትራችን አንድም ቀን አምሽቶ አያውቅም። ታዲያ ሕዝቡ ቲያትሩ እስኪጀመር መጋረጃውን ነበር የሚያየው። «ያ ጥጉ የተበላው የማን ነው?» «ቀዩስ? እሷ ቀይ ብርድ ልብስ ከየት አመጣች?» ይባባላሉ። ሴቶቹ የራሳቸው ያረጀ እንደሆነ ከእህታቸው ቤት ድረስ ሄደው አዲስ ተውሰው ይሰጡ እንደነበር እናቴ አንድ ቀን አፏን ይዛ እየሳቀች ነግራናለች፤ በኋላ ስሰማ ለካ እሷም አድርጋዋለች።

ሌላው ጉድ ዝናቡ ነው። ያ ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው እንኳን ተዋናይ ነጎድጓድም አይሰማ። ጋሽ ሙሉጌታ የዘየደው መላ፣ ዝናቡ ሲጀምር ተዋናዩ ሁሉ በያዘው አኳኋን ደርቆ እንዲቆም፣ ሲያባራ ካቆመበት እንዲቀጥል ነበር። አንድ እሑድ ሙሽራ የሆነው ልጅ ዋንጫ ከንፈሩ ላይ እንደደቀነ ዝናቡ መጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠላውን ሳይጠጣ ሳያወርድ ቆመ። ሕዝቡ ቆሎውን እየቆረጠመ ዝም ብሎ ያየዋል፤ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን አንድ ሽማግሌ አዘኑና፣ ዝናቡን አሸንፈው፣ «ኧረ ጠጣው ልጄ!» ብለው ጮኹ። ዘንድሮ ሜሮን ከምትሠለጥንበት አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ሳይ ድምፅ ማጉያው፣ መብራቱ፣ ሁሉ ነገር አለ፤ ዝናቡ አይሰማም። ታዲያ እንዲያ ካልጠበቁ ተመልካቾች ተዋናዩን መቼ ነው ደህና አድርገው የሚያዩት እያልኩ አስባለሁ። እንጃ፣ እኔ የማውቀው የእኛን ብቻ ነው።

እኔ እዚያ የገባሁት በጩኸቴ ነው። አባቴ ባና የሚሠራ ሸማኔ ነበር፤ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ። ሱፉን በሬሳ ወንዝ ወርዶ ማጠብ የእኔ ሥራ ነው። ክረምት በሬሳ ሞልቶ ሲያጓራ፣ ማዶ ሱፍ ከሚያጥብ ጓደኛ ጋር ለማውራት መጮህ ግድ ስለሆነ፣ ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ጎልማሳ ሆኖ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ በድልድዩ ሲያልፍ ሰምቶኝ ነው ቁልቁል ወርዶ «ይህ ድምፅ ከዚህ ደረት ነው የወጣው?» ያለኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሱፉ አስቀረኝ። «ማንበብ እኮ እምብዛም ነኝ» ስለው፣ «መስማትስ?» አለኝ። መስማትማ እችላለሁ።

የክረምቱ መዝጊያ ቲያትር የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ታላቁ ተደብቆ የድንበር ድንጋይ ይገፋል፣ ታናሹ ደርሶበት ይጣላሉ፣ ታላቁ በዱላ ይመታውና ያቆስለዋል፤ ከዚያ ተጸጽቶ፣ ባህሉ እንደሚያዘው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ታናሹ እግር ላይ ወድቆ ምሕረት ይለምናል። ታላቁን እኔ፣ ታናሹን ተስፋዬ የሚባል የቄስ ልጅ እንድንጫወት ተደረገ። ተስፋዬ ንባብ እንደ ውኃ ይወርድለታል፤ በሬሳ ዳር ሱፉ ድንጋይ ላይ እስኪደርቅ የእሱንም የእኔንም ቃል እያነበበ ያስጠናኛል። የሚያስቸግረው የምሕረቱ ንግግር ነበር። ረጅም ነው። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሲገባኝ ግን እንዲህ ገባኝ፣ ወንዙ ዳር ለሚግጡት በጎች ስናገረው እንኳ እንባዬ ይመጣ ነበር። በዚያ በጣም እገረም ነበር። ወንድም የለኝም፣ መሬት የለኝም፣ የገፋሁት ድንበር የለም፤ ታዲያ ይህ እንባ የማን ነው? ጋሽ ሙሉጌታን ብጠይቀው ሳቀና «እኔም እሱን ለማወቅ ነው የምማረው» አለኝ።

የሚሰጠን የቤት ሥራ ሰው ማየት ነው። ገበያ ሄዳችሁ አንድ ሰው ይዛችሁልኝ ኑ ይለናል፤ አረማመዱን፣ አሳሳሉን፣ ሲዋሽ እጁን የት እንደሚያደርግ። እኔ ክፉ ሰው ስፈልግ፣ ፊታቸው የማያምረኝን አንድ የበግ ነጋዴ ከኋላ ከኋላ ስከተል ዋልኩ። ከሰዓት ላይ ዘወር ብለው «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ? ከጧት ጀምሮ የምትከተለኝ ምን ሰርቄህ ነው?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል፣ «እና ክፉ መሰልኩህ?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ሰለል ብሎ። ያን ለጋሽ ሙሉጌታ ባወራለት፣ «አየህ» አለኝ፣ «ክፉ ሰው ክፉ መሆኑን አያውቅም፤ የተበደለ ነው የሚመስለው። አንተም እንደተበደለ ሰው ተጫወት።» ለሜሮንም ያልኳት ይህንኑ ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ጋሽ ሙሉጌታ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ከሚገኝ ቲያትር ቤት የሚያውቀው አንድ ሰው መዝጊያውን ሊያይ ይመጣል፤ አንድ ልጅ መርጦም ይወስዳል፤ እያስተማሩ የሚያሳድጉት ልጅ። ለማንም አልነገረም፣ ለእኔና ለተስፋዬ ብቻ። «በምሕረቱ ንግግር አንተን ነው የሚያየው» አለኝ።

እኔ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር እየተዘጋጀ ነበር። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ አለ፤ አባቴ በዚያ ሳምንት ከእሱ ጉድጓድ አጠገብ፣ በእኔ እግር ልክ፣ ሌላ ቆፈረ። ቆፍሮ ዳሩን በጭቃ ለስኖ እንዲደርቅ ተወው። ከመስከረም ጀምሮ እዚያ እንደምገባ ገባኝ። ያን ጉድጓድ እያየሁ እንቅልፌ ይጠፋ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ አዲስ አበባን አላየሁትም እንጂ፣ ከጉድጓዱ ጋር እያስተያየሁ፣ ከተማው ሁሉ ከፍ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። «እስቲ ይሁን» አለች፤ ለአባቴ ትንገረው አትንገረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የመዝጊያው እሑድ መጋዘኑ ሰው አልበቃው ብሎ ሕፃናቱ ግድግዳው ላይ ባሉት ወራጆች ላይ ሁሉ ተንጠላጥለው ነበር። እንግዳው ሰውዬ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በብርድ ልብሶቹ መገናኛ አጮልቄ ሳይ፣ አንድም ቀን ቲያትር አይቶ የማያውቀው አባቴ፣ በርኖሱን እንደለበሰ በሩ አጠገብ ቆሟል። ለቲያትሩ የያዝኩት ዱላ ሳላስፈቅድ ከበር ኋላ ያነሳሁት የእሱ ዱላ ነበር።

ደህና ሄደ። ድንበሩን ስገፋ ሴቶቹ «እግዜር ይይልህ!» ብለው ረገሙኝ፤ ደስ አለኝ። ከተስፋዬ ጋር ተሰዳደብን፣ ተያያዝን። በልምምዱ እንደተማርነው ገፍትሬ ጣልኩት፣ ዱላውን በሁለት እጄ ወደ ላይ አነሳሁ። በዚያች ቅጽበት ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«በሕግ አምላክ!»

ይህን የዛሬ ልጅ ላያውቀው ይችላል። ያኔ ሁለት ሰው ሲጣላ፣ ወይም ሌባ ሲሮጥ፣ ማንም ሰው፣ ሴትም ትሁን ሕፃን፣ «በሕግ አምላክ» ካለ፣ የተባለው ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም። እግሩን ቦይ ሊያሻግር ያነሳ እንደሆነ እዚያው እንዳነሳው ይቀራል። ዘበኛ ኖረ አልኖረ፣ ቃሉ ራሱ ይዞ ያቆማል። ይህንን ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠባነው። እና እኔ፣ ዱላውን ሰማይ ላይ እንዳደረግሁ፣ ቆምኩ።

ሕዝቡ መጀመሪያ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ፤ ዝናብ መጣ ብሎ። ዝናብ የለም። ተስፋዬ ምቱን ሲጠብቅ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሲዘገይበት አንዱን ገለጠ። «ምታ እንጂ!» አለኝ በጥርሱ መሀል። ጋሽ ሙሉጌታ ከመጋረጃው ኋላ «ቀጥል! ቀጥል!» ይላል። ቲያትር መሆኑን አላጣሁትም፤ ንግግሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ፣ እንግዳው ፊቴ አሉ፣ አንዴ ዱላውን ላውርድ እንጂ ቀሪው መንገድ ሁሉ የእኔ ነው። ክንዴ ግን እምቢ አለኝ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ነው።

«ቀጥል ይሉታል እንዴ? በሕግ አምላክ ተብሎ!» አሉ ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ በጋሽ ሙሉጌታ ተቆጥተው።

«ጎሽ፣ ያሳደገው ሰው ነው!» አሉ እትዬ ዘውድነሽ።

ያኔ ተስፋዬ፣ ነፍሱን ይማረውና ዛሬ ድረስ አደንቀዋለሁ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። ዱላውን ከእጄ ወሰደ፣ መሬት ላይ አስተኛው፣ ትከሻዬን ሳመኝ። በጽሑፉ ላይ የለም፤ ከራሱ አውጥቶ ነው። መጋዘኑ በእልልታ ተናጋ፣ መጋረጃው ወረደ። ታላቅ ወንድም አልመታም፤ ስላልመታ አልተጸጸተም፤ ስላልተጸጸተ ያ አምስት ሳምንት የፈጀብኝ ንግግር ሳይነገር ቀረ። እንግዳው ከወንበራቸው ተነሥተው እያጨበጨቡ ወደ መድረኩ መጡና ተስፋዬን እጁን ያዙት።

ከአባቴ ጋር አብረን ወደ ቤት ሄድን። ለመጋረጃው የሰጠነውን ባና ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎታል፤ ዱላውን እኔ ይዤለታለሁ። ስለ ዱላው አልጠየቀኝም። በራችን ጋ ስንደርስ «ነገ ሱፉን ቀድመህ አጥበህ ና፣ ከዚያ ጉድጓዱን እንሞክረዋለን» አለኝ። በማግስቱ ገባሁበት። ልኬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ስመረምር ነው የኖርኩት፤ አባቴ ያን ቀን ምን አይቶ ጮኸ? መጀመሪያ፣ ቲያትር አይቶ ስለማያውቅ የእውነት መስሎት ነው አልኩ። ትንሽ ጎረምሳ ስሆን ደግሞ፣ እናቴ ነግራው ኖሮ፣ እንዳልሄድበት ብሎ አውቆ ነው ያደረገው አልኩና አንድ ዓመት ያህል በልቤ ተቀየምኩት። ሚስት ሳገባ እናቴ ሌላ ነገር ነገረችኝ። አባቴ የአንኮበር ሰው ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልተው፣ ወንድሙ ዱላ አንሥቶበት፣ አባቴም አጸፋውን ላለመመለስ መሬቱን ሁሉ ትቶለት ነው ደብረ ብርሃን መጥቶ ሽመና የተማረው። በዚያ ጠብ የሚጮኽ ሰው አጠገባቸው እንዳልነበረም ነገረችኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላም ብዙ ዓመት ሳልጠይቀው ቆየሁ። አንድ ቀን ጎን ለጎን ጉድጓዳችን ውስጥ ሆነን ስንሠራ፣ ከአፌ ወጣ።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ በሕግ አምላክ ያልከኝ፣ ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶህ ነው?»

መወርወሪያውን አንዴ አሳለፈ፣ አንዴ መለሰ።

«ዱላው የእውነት ዱላ አልነበረም?» አለኝ።

መልስ ይሁን ጥያቄ ይሁን እስከ ዛሬ እያገላበጥኩት ነው፤ አንዳንድ ቀን ሦስቱም ምክንያት እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ያሉ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን አንዱም የለም።

ተስፋዬ አዲስ አበባ ሄዶ ተዋናይ አልሆነም፤ ቲያትር ቤት መብራት የሚያበራ ሆኖ ጡረታ ወጣ። እስኪሞት ድረስ በበዓል በበዓል ይደውልልኝ ነበር፤ ስልኩን ሳነሳ ገና ሰላም ሳይለኝ «ምታ እንጂ!» ይለኛል፤ ሁለታችንም እንስቃለን። እኔም ባና እየሠራሁ አምስት ልጅ አሳደግሁ። አዲስ አበባ ያለመሄዴ የቆጨኝ ጊዜ ነበር፣ አልዋሽም፤ አሁን ግን ስፈልገው አላገኘውም።

ሜሮን ይህን ሁሉ ሰምታ «በቃ ንግግሩን አሁን በለው፣ እኔ ልስማህ» አለችኝ። ተነሥቼ ቆምኩ። «ወንድሜ፣ የተሸከምኩት ድንጋይ ካንተ ላይ ከገፋሁት ድንጋይ ይቀላል…» ከዚህ በኋላ ያለው ሄዷል። አምስት ሳምንት የተማርኩት፣ በጎች ፊት ያለቀስኩበት፣ ጠፍቷል። ዓይኔን ጨፍኜ ብጠብቀው አልመጣም። አጨበጨበችልኝ፤ ልጅ ጥሩ ነው።

ንግግሩስ ይጥፋ። የጠፋብኝን ነገር ልክ ያወቅሁት ባለፈው ወር ነው። ወደ ጫጫ የሚሄድ ሚኒባስ ልሳፈር መናኸሪያ የመኪናው በር ላይ ስደርስ፣ ሁለት ወጣቶች በወረፋ ተጣሉ። አንደኛው ድንጋይ አነሣ። ያ የበሬሳ ድምፄ ከእርጅናዬ ተርፎ ኖሮ፣ «በሕግ አምላክ!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ። ልጁ ዘወር ብሎ አየኝ። ባለጌ አይደለም፤ ፊቱ የዋህ ነው፤ ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ ነው የጠፋው።

«ምን አሉ ፋዘር?» አለኝ። ከዚያም ዞሮ ወረወረው።

ሌላኛው ጎንበስ ብሎ አመለጠ፣ ሰው መሀል ገባ፣ ተለያዩ፤ ሚኒባሱም ሞልቶ ሄደ። እኔ ብቻ አንድ እግሬን የመኪናው ደረጃ ላይ ላሳርፍ እንዳነሳሁ፣ ቃሉን ካልኩበት ቦታ ሳልነቃነቅ ቀርቻለሁ።